ያመለጠ ሰው ዕዳ

በደሴት ስለ ታሰሩና ከደሴት ስላመለጡ ሰዎች የሚነገረው ታሪክ፣ ባሕርን በዓይኑ ላላየ ለአርብ ገበያ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከታች ጋይንት ደጋ ወደ በሽሎ ቈላ የሚወርደውን ገደል ከጫፉ ቆሞ ቍልቍል ያየ፣ ማዶ ለማዶ ዙሪያቸውን ተጠርበው የቆሙትን አምባዎችም የተመለከተ ማንም ሰው፣ ውኃ ሳይከበው በገደልና በነፋስ ብቻ ተከብቦ ከሰው አገር ተለይቶ የሚኖር ደሴት እንዳለ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የቀድሞ ነገሥታት የሚፈሩትን ሰው ሳይገድሉ ከሕዝብ ዓይን ለማራቅ በፈለጉ ጊዜ፣ ባሕር በቅርብ ስላልነበራቸው፣ ፈጣሪ ራሱ ቅጥር የሠራለትን አምባ መረጡ፤ በጥንቱ ዘመን ግሼን፣ በጎንደር ዘመን ወኅኒ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደግሞ ከበሽሎ ማዶ ያለው መቅደላ ለዚሁ ሥራ ዋሉ። ኢጣልያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ሲይዙ ባሕሩን አብረው ስለ ያዙ አምባ መፈለግ አላሻቸውም፤ ከምጽዋ ፊት ለፊት ከተበተኑት ከዳህላክ ደሴቶች አንዲቱን፣ ናኩራን፣ ግዞት ቤት አደረጓት።

ከእንዲህ ያለው ግዞት የሚያመልጥ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን ይባላል? የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው። ስለ አገሩ ነፃነት ተነሥቶ ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው ሰንሰለቱን ቢቈርጥ ሕግ አፈረሰ አይባልም፤ ሕጉን ቀድሞ ያፈረሰው ያሰረው ሰው ነውና። በዚህ የሚከራከር ቢገኝ፣ ወይ አሳሪ ነው፣ ወይ የአሳሪ ደመወዘኛ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እዚህ ላይ ልተወው። የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በግዞት ቤት አንድ ሰው ብቻውን አይኖርም፤ አንዱ ባመለጠ ማግሥት የቀሩት ይቈጠራሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ይገረፋሉ፣ ሲከፋም በእርሱ ፈንታ ይገደላሉ። እንግዲህ ያ ሰው ባሕሩን ተሻግሮ ወይም ገደሉን ወርዶ የነፃነትን መሬት በረገጠ ጊዜ፣ ከቀሩት ጋር ያለው ጉዳይ ተፈጽሟልን? ወይስ ያን ጊዜ ገና ይጀምራል?

መጻሕፍት ይህን ነገር ሸፍነው አላለፉትም። በሐዋርያት ሥራ 12ኛው ምዕራፍ፣ ጴጥሮስ በሁለት ወታደሮች መካከል በሁለት ሰንሰለት ታስሮ ተኝቶ ሳለ መልአክ መጥቶ እንዳስነሣው፣ የብረቱም መዝጊያ ማንም ሳይነካው እንደ ተከፈተለት ተጽፏል፤ ይህን የማያውቅ የቄስ ተማሪ የለም። ጥቂት መሥመር ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ ሄሮድስ በነጋ ጊዜ ጴጥሮስን ፈልጎ ቢያጣው ጠባቂዎቹን መርምሮ እንዲገደሉ አዘዘ። መልአኩ ያወጣው አንድ ሰው ነበረ፤ በዚያ አንድ ሰው ምክንያት የሞቱት ወታደሮች ስማቸው እንኳ አልተጻፈም፤ ቅዱስ ሉቃስ ግን መሞታቸውን ሳይደብቅ ጽፎ አለፈ። ከአራት ምዕራፍ በኋላ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ በእግር ግንድ ተጠርቀው ሲዘምሩ ምድር ተናወጠች፣ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ፣ የሁሉም እስራት ተፈታ፤ ከእስረኞቹ ግን አንድ ስንኳ አልወጣም። ጠባቂው ሁሉም ያመለጡ መስሎት ራሱን ለመግደል ሰይፍ ሲመዝ፣ ጳውሎስ ጮኾ ከለከለው። ጳውሎስ ማምለጥን እንደ ኃጢአት የሚቈጥር ሰው አልነበረም፤ በደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ መስኮት ወርዶ ያመለጠ እርሱ ራሱ ነው። በደማስቆ የሸሸው ሰው በፊልጵስዩስ በሩ ተከፍቶለት የቀረበትን ምክንያት ሳሰላስል፣ የጴጥሮስ ጠባቂዎች ደም ትዝ ብሎት ይሆናል እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ በአንድምታ የማኅበረ ሊቃውንት ቃል ሆኖ አላገኘሁትም፤ የሚያርመኝ ሊቅ ቢገኝ በደስታ እቀበላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጌታ ስደት ነው። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ማኅሌተ ጽጌ እየተቆመ የሚታሰበው የእመቤታችን ስደት፣ በምድራዊ አነጋገር ሲነገር፣ ከንጉሥ ሰይፍ ማምለጥ ነው። ዮሴፍ በሕልም ተነግሮት በሌሊት ተነሣ፤ እናቲቱ ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብጽ ወረደች፤ በቤተ ልሔም የቀሩት ሕፃናት ግን፣ ቁጥራቸውን ትውፊታችን 14 እልፍ ከ4 ሺህ የሚለው፣ በእናቶቻቸው ዕቅፍ ታረዱ። እዚህ በጋይንት ቤተ ልሔም የሚባል ደብር አለ፤ ከየአገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርት በቈሎና በቍራሽ እንጀራ ዓመታት አሳልፈው ድጓውን የሚመሰክሩበት፣ በዚያ ያልተመሰከረለት የድጓ መምህር መምህር የማይባልበት የታወቀ ቦታ ነው። ደብሩን በዚህ ስም የሰየሙት አባቶች የልደቱን ደስታ አስበው ይሆናል፤ እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቍጥር ከእረኞቹ ዝማሬ ይልቅ የራሔል ልቅሶ ይቀድመኛል። ምክንያቱም እግዚአብሔር አብ አንድ ልጁን ባስመለጠ ሌሊት፣ ያላስመለጣቸው ልጆች ስለ ነበሩ ነው፤ ይህን ጥያቄ ከሃይማኖት ጐድለን ሳንወጣ ልንጠይቀው ይገባል።

መልሱንም ከዚያው ከወንጌሉ ውስጥ አገኛለሁ። በሄሮድስ ዘመን ያመለጠው ሕፃን ካደገ በኋላ፣ በጌቴሴማኒ ሌሊት ሊይዙት ፋና ይዘው በመጡበት ጊዜ፣ እንደ ቀድሞው መሸሽ ሲችል አልሸሸም፤ የሚፈልጉት እርሱን ከሆነ አብረውት ያሉትን ደቀ መዛሙርት እንዲተዉአቸው ጠይቆ ራሱን ሰጠ። በቤተ ልሔም ሌሎች በእርሱ ፈንታ ሞቱ፤ በቀራንዮ እርሱ በሌሎች ፈንታ ሞተ። ስለዚህ የግብጹ ስደት ከነፍስ ማዳን የሚቈጠር ፍርሃት አልነበረም፤ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ የተቀመጠ ብድር ነበረ፤ ቀኑም በደረሰ ጊዜ ከነወለዱ ተከፈለ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ፣ ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን ሾሞ የላከው፣ አርዮሳውያን በንጉሥ ወታደር ሲያሳድዱት ወደ ግብጽ በረሓ ሸሽቶ ከመነኮሳት ጋር በተሸሸገ ጊዜ፣ ጠላቶቹ ፈሪ ብለው ሰደቡት፤ እርሱም በ357 ዓመተ እግዚእ አካባቢ ስለ ሽሽቱ ራሱን የቻለ መልስ ጻፈ። የክርክሩ ፍሬ፣ መሸሽ ነውር ከሆነ ማሳደድ የባሰ ነውር እንደ ሆነ፣ ነቢያትም ሐዋርያትም ጌታም ራሱ ጊዜው ሳይደርስ እንደ ሸሹ ማስረዳት ነው። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም አትናቴዎስ የጻፈው ለሚሰድቡት ሰዎች ስለሆነ፣ ያልሰደቡት፣ ነገር ግን እርሱን ደብቀዋል ተብለው የተገረፉት ሰዎች ቢጠይቁት የሚሰጠው መልስ ምናልባት ሌላ በሆነ ነበር።

አሁን ከመጻሕፍት ወጥተን በሽሎን እንሻገር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲያስገብሩ፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ የነበሩትን የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ማርከው ወሰዱ፤ በኋላም በመቅደላ አኖሯቸው። እንደ ተራ እስረኛ አላዋረዷቸውም፤ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው፤ ግን ምኒልክ ከአምባው መውረድ አይችሉም ነበር፤ ሙሽራም ቢሆን የማይወርድ ሰው እስረኛ ነው። በ1857 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻ፣ ክረምቱ በገባ ጊዜ፣ ምኒልክ ከጥቂት ታማኞቻቸው ጋር በሌሊት ከመቅደላ ወርደው ወደ ወሎዪቱ ባላባት ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሰፈር ገቡ። አልጣሽ በአምባው ቀሩ። ከእርሳቸውም ጋር የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በዚያው አምባ የቴዎድሮስ መያዣ ሆኖ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ነገሩን በተረዱ ጊዜ የተቈጣ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉ፤ የወርቂት ልጅ ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር እጅ እግራቸው ተቈርጦ ከመቅደላ ገደል ተወረወሩ። ወርቂት ግን ያስጠጓቸውን እንግዳ አሳልፈው አልሰጡም፤ ምኒልክ ወደ ሸዋ ተሻገሩ።

በእኛ በቤጌምድር ሰዎች ዘንድ ቴዎድሮስ በክፉ ሊነሡ አይወደድም፤ ከጋፋት ያስጐተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት ምድርና በጨጨሆ በኩል ሲያልፍ፣ መንገዱን ሰው በእጁና በትከሻው እንደ ጠረገለት ታሪኩ ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ በመቅደላም ለእንግሊዝ እጃቸውን ባለመስጠታቸው ስማቸው ከፍ ብሎ ይኖራል። እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን የዚያን ቀን ደም በእርሳቸው ራስ ላይ ነው፤ በሌላ በማንም ላይ አይደለም፤ ምኒልክ አመለጡ ብሎ የሌላውን ልጅ ገደል የሰደደ ንጉሥ፣ ጠባቂዎቹን ከገደለው ከሄሮድስ በዚህ ሥራው አይለይም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አሳሪዎች በየዘመኑ ያመለጠው ሰው ባያመልጥ ኖሮ እነዚህ አይሞቱም ነበር እያሉ የገዛ እጃቸውን ደም በሸሸው ልብስ ሊጠርጉት ይፈልጋሉ፤ ሕሊናው ንቁ የሆነ ያመለጠ ሰውም እነርሱን አምኖ ራሱን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ የሚያሠቃይበት ጊዜ አለ። ይህ ስሕተት ነው። ኃጢአቱ የገዳዩ ነው።

ይሁን እንጂ ከኃጢአት ነፃ መሆን ከዕዳ ነፃ መሆን አይደለም። በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ዳኛ ነገራቸውን እስኪፈርድ ድረስ፣ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ሆነው አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይተኙ ነበር፤ ባለዕዳው ወንጀለኛ ሳይሆን የታሰረው የተቀበለው ነገር ስላለ ነው። ያመለጠ ሰውም ከቀሩት ጋር እንደዚሁ ቁራኛ ነው። የወርቂት ልጅ ሕይወት፣ ልጁ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ፣ ለምኒልክ ነፃነት ዋጋ ሆኖ ተከፍሏል፤ ምኒልክ ይህን አልጠየቁም፣ አላዘዙም፣ ምናልባትም አልገመቱም፤ የተከፈለላቸው ግን እርሳቸው ናቸው። በፍትሕ መንፈሳዊ በኩል ከሳሽ የላቸውም፤ ከዳኛ ፊት ሳይቀርብ የሚቀር ዕዳ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ዕዳ ነው።

ስለዚህ የአድዋን ድል ከዚህ በኩል ልመለከተው እደፍራለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር የሰበሩት ንጉሠ ነገሥት፣ 30 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ከግዞት ያመለጡት ወጣት ናቸው፤ ያ ሌሊት ባይኖር ኖሮ አድዋም እንደ ሆነው አይሆንም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወርቂት ልጅ የተከፈለበት ነገር በዓለም ሁሉ ለጥቁር ሕዝብ ነፃነት ተስፋ ሆነ፤ ይህ ከዕዳው ላይ ብዙ ይቀንሳል። ግን ሁሉን አልከፈለም። ከድሉ በኋላ ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው የተማረኩት አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ፤ ነጮቹ ምርኮኞች ግን በክብር ተይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ፣ የኢትዮጵያ ነፃነት ታወቀ፣ የጊዜው ወሰንም መረብ ሆነ፤ ከመረብ ማዶ ያለው ሕዝብ፣ በ1887 ዓ.ም. በአካለ ጉዛይ በኢጣልያ ላይ የተነሡት የደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ወገኖች ጭምር፣ በባዕድ እጅ ቀረ። ሠራዊቱ ተርቦ፣ አገሩ ከክፉ ቀን ገና ሳያገግም፣ ስንቅ አልቆ እንዴት ይሻገሩ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸው እውነት ነው፣ አልንቀውም። ነገር ግን በሌሊት ከአምባ የወረደ ሰው በኋላ ዘመኑ ወንዝ ዳር ቆሞ ማዶ የቀሩትን በሚመለከትበት ጊዜ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ የእርሱ ልብ ሊከብድ ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ማዶ ከቀሩት መካከል የናኩራ እስረኞች ነበሩ። ናኩራ ደረቅ፣ የሚጠጣ ውኃ የማይበረክትባት፣ ወበቋ ከደጋ የመጣውን ሰው በቶሎ የሚያደክም ደሴት ናት፤ ኢጣልያኖች በዚያ ያኖሩት ሽፍታውንና ወንጀለኛውን ብቻ ሳይሆን አልገዛም ያለውን ባላባትና ሽማግሌም ነበረ፤ ደጋማው ክርስቲያንና ቈለኛው እስላም በአንድ ሰንሰለት ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። ከአድዋ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1899፣ የሳሆው ተወላጅ መሐመድ ኑሪ መሪ ሆኖ ብዙ እስረኞች በአንድነት ተነሥተው ከደሴቲቱ አመለጡ። ከዚህ ታሪክ ለእኔ የሚበልጥብኝ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው በሌሊት ሾልኮ አልሄደም፤ የቻሉት ሁሉ አብረው ሄዱ። ብቻውን የሚያመልጥ ሰው ነፃነትን እንደ ግል ርስት ይወስደዋል፤ ሌሎችን ይዞ የሚወጣ ግን፣ የመያዝና የመሞት አደጋው ስለሚበዛበት፣ ዕዳውን ከመንገዱ መጀመሪያ ጀምሮ እየከፈለ ይሄዳል። የታመመውና መራመድ ያቃተው እንዲህ ባለ ጊዜም ቢሆን ወደ ኋላ መቅረቱ ያለ ነው፤ ፍጹም የሆነ ማምለጥ በዚህ ዓለም አልተሰጠንም።

በደቡብ አፍሪካም የኾሣው ነቢይ ማካንዳ ታሪክ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። በ1819 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች ከተማ በግራሃምስታውን ላይ ዘምቶ ድል ከሆነ በኋላ፣ በሕዝቡ ላይ የሚደርሰው እሳት እንዲቆም ብሎ በገዛ እግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ እነርሱም በሮበን ደሴት አሰሩት። ከሌሎች እስረኞች ጋር በጀልባ ሲያመልጥ ጀልባዋ ተገልብጣ ሰጠመ። ሕዝቡ ግን ሞቱን ሳያምን ዕቃውን አስቀምጦ ለ50 ዓመት ያህል ጠበቀው፤ ያቺም ከተማ በ2018 እ.ኤ.አ. በእርሱ ስም ተጠርታለች። ይህ ሰው ስለ ቀሩት ሲል ገባ፤ ሲወጣም ከሌሎች ጋር ወጣ፤ ዕዳ የሚባል ነገር በእርሱ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ከእርሱ በኋላ በዚያው ደሴት 18 ዓመት የታሰሩት ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት እንደ ተማሩ አንባቢ ያውቃል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱበት ቀን፣ ስለ ሽሽት ያለንን ክርክር ሁሉ በአንድ ላይ ሰብስቦ ይዞታል። ንጉሥ ይሸሻልን? የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ በምክር ቤት ተጠይቋል፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሰሉ አርበኞች እስከ መጨረሻ አልተቀበሉትም። በእንደራሴነት በጎሬ የቀሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ቀድሞ ጎጃምን ይገዙ የነበሩ፣ በሽሬ ግንባር የተዋጉ፣ በምዕራብ ከጥቁር አንበሳ ሠራዊት ጋር የተሰለፉ መስፍን ናቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ፤ ኢጣልያኖችም ወስደው በጶንዛ ደሴት አሰሯቸው። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላም መቶዎች የሚቈጠሩ መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ወደ ኢጣልያ ተግዘው፣ ብዙዎቹ በሰርዴኛ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ በኋላ ከሴቶች ቀድመው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አንዲቱ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የተሰደዱ፣ እነርሱ ደግሞ የቀሩ ስለ ሆኑ፣ በ1933 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በኦሜድላ ገብተው ከጎጃም አርበኞች ጋር መመለሳቸው የዕዳው አከፋፈል ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ሲመለሱ ግን ከተዋጉት ይልቅ የተሰደዱት፣ ከታሰሩት ይልቅም ለጠላት ያደሩት ሹመት ተቀበሉ ብለው ያጕረመረሙት አርበኞች ነገራቸው መሠረት አልነበረውም ልል አልችልም።

ስለ ጶንዛ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልወድም። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሽሮ በገዛ ወታደሮቹ በተያዘ ጊዜ፣ ወስደው ያኖሩት በጶንዛ፣ ቀድሞ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። መዝሙረኛው የሚናገረው የጉድጓድ ቆፋሪ ነገር ከዚህ ይበልጥ በግልጥ ተፈጽሞ ያየሁት በታሪክ የለም፤ ልደሰትበት ይገባኝ እንደ ሆነ ግን አላውቅም፤ ደስታዬ የተቀላቀለ ነው።

አመለጡ ወይም ተፈቱ ከሚባሉት ሌላ፣ ያላመለጡትን እንርሳቸው ማለት አይገባም። ዮሐንስ ወንጌላዊ በፍጥሞ ደሴት ተግዞ በነበረበት ጊዜ ጀልባ አልፈለገም፤ የቀረው በግድ ነው፣ ግን በግድ በቀረበት ቦታ ያየው ራእይ ነፃ ሰው ሊያየው ከሚችለው አለፈ። ከዚያ መጽሐፍ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ አዲሱን ሰማይና አዲሱን ምድር ሲገልጥ ባሕር ከዚያ ወዲያ እንደ ሌለ መናገሩ ነው። ሊቃውንት ባሕሩን ስለ ዓለም ሁከትና ስለ መከራ ይተረጕሙታል፤ እኔ ግን በደሴት የታሰረ ሰው ይህን ሲጽፍ፣ ከወንድሞቹ የለየውን፣ በየማለዳው ተነሥቶ የሚያየውን ያንኑ ውኃ ነው ያሰበው ብል ነገሩን ከምሥጢር አላወርደውም። ላመለጠው ሰው ባሕሩ ከኋላው ቀርቷል፤ ለቀረው ግን ገና ፊቱ ነው፤ በመንግሥተ ሰማያት የሁለቱም ነገር አንድ የሚሆነው ባሕሩ ራሱ ሲወገድ ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ ምን ይደረግ የሚለው ከነገረ መለኮት ወደ ሥርዓት ይወስደናል፤ የቤተ ክርስቲያን ጥበብም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። በቤተ ልሔም የታረዱት ሕፃናት ስማቸው ባይታወቅም ስንክሳሩ ጥር 3 ቀን ያስባቸዋል፤ ማንም ስለ እነርሱ አልተከሰሰም፣ ግን ያመለጠው ጌታ በሚመሰገንበት ቤት እነርሱም ቀን አላቸው። ከአርብ ገበያ ብዙ ሳይርቅ፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት በሆነው በዙር አባ፣ ለሙታን የሚባለውን መዋሥዕት መሪጌቶች ለደቀ መዛሙርታቸው ቃል በቃል ያስተላልፉታል። ከመቅደላ ገደል የተወረወሩት የወሎ መኳንንት አብዛኞቹ እስላሞች ስለ ነበሩ መዋሥዕት ላይባልላቸው ይችላል፤ በናኩራ የሞቱት ግን እስላሙም ክርስቲያኑም አብረው የታሰሩ ነበሩ፣ ሁለቱን ለይቶ የሚያስብ ሥርዓት ለእነርሱ አይስማማም። የአድዋን ቀን በየዓመቱ የምናከብር እኛ፣ የድሉ ሰው በሰኔ ሌሊት ሲያመልጥ የተከፈለለትን ልጅና በመረብ ማዶ የቀሩትን እስረኞች በዚያው ቀን ስማቸውን ሳናነሣ ዓመት በዓመት ላይ ጨምረናል፤ የካቲት 23 ቀን በዓሉ በሚከበርበት አደባባይ ስለ እነርሱ የሚነገር አንድ ቃል ቢጨመር፣ የቀረውን ዕዳ ቢያንስ ሒሳቡን ማወቅ እንጀምራለን።